ጓድ ካፖርት

በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ካፖርት ነበር። አንድ ማለቴ ቁጥሩን መናገሬ ነው፤ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ እስከ አስፋልቱ በሚደርሰው ጭቃማ መንገዳችን ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ሃያ ያህል ቤቶች ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ሊጠይቅ የሚሄደውም፣ ለቅሶ የሚደርሰውም፣ ለጉዳይ አዲስ አበባ የሚሳፈረውም፣ ፎቶ ቤት የሚገባውም የሚለብሰው ያንኑ ካፖርት ነበር። ባሕር ዳር ደግሞ ካፖርት የምታስለብስ ከተማ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ብትቀመጥም፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ወበቁ የመንገድ ዳር ዘንባባዎችን እንኳ ያዝላቸዋል። ስለዚህ በሰፈራችን የተከበረ ሰው የሚታወቀው በላቡ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ፣ ትከሻው ሰፍቶ፣ በቀስታ የሚራመድ ሰው ካየን «ዛሬ የእርሱ ተራ ነው» እንል ነበር።

ካፖርቱ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ሲከፈት የራሺያ መምህራን አብረው መጡ፤ ከዓመታት በኋላ ከተተኩት መካከል አንዱ፣ ስለ አገራችን አየር ማን ምን ብሎ እንዳስፈራራው እንጃ፣ ግራጫ ወፍራም የሱፍ ካፖርት ለብሶ ከአውሮፕላን ወረደ። በማግሥቱ አወለቀው። ወደ አገሩ ሲመለስም መሸከሙ ስለሰለቸው፣ ከፈረቃ ሲወጣ አትክልቱን ይኮተኩትለት ለነበረው ለአክስቴ ባል ጥሎለት ሄደ። የአክስቴ ባል በጣሊያን የጦር ካሳ በተቋቋመው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ክር ሲያጠነጥን የኖረ ሰው ነው፤ ከዚያ ሁሉ ጨርቅ መካከል ኖሮ በሕይወት ዘመኑ የለበሰው አንድ ካፖርት ከራሺያዊ ትከሻ የወረደ መሆኑን ሲያስበው ይስቅ ነበር። አንዳንዴ ግን አይስቅም ነበር።

ስሙን ያወጣለት ዘመኑ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ሰው ሁሉ ጓድ በሆነበት አገር ከሞስኮ የመጣ ካፖርት «ጓድ» ካልተባለ ማን ሊባል ነው? «ጓድ ትናንት ማን ቤት አደረ?» «ጓድ ለእሑድ ተይዟል።» «ጓድ ብብቱ ስር ተተርትሯል፤ መርፌ ያላችሁ!» በቀበሌያችን ከሊቀመንበሩ እስከ ጸሐፊው ከነበሩት ጓዶች ሁሉ ሕዝቡ ወዶ የሚጠራው እርሱን ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መሠረተ ትምህርት በተጀመረበት ክረምት፣ በ1971 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ካፖርቱ ከአንድ ለቅሶ ጭቃ ነክቶት ተመለሰ። አክስቴ እስከዚያ ጊዜ ድረስ አጥባው አታውቅም፤ ሱፍ በውሃ ይሰበሰባል ብላ ትፈራለች። የዚያን ዕለት ግን ጨከነችና በሾላው አጥር ላይ ተንጠልጥላ፣ ከወዲያ ማዶ ላሉት የጎረቤት ልጃገረዶች በዚያ በአገሯ በዘጌ ድምፅዋ ትእዛዝ ሰጠች። «ጓድን ዛሬውኑ እጠቡት! እጁን ጠምዝዛችሁ ጭመቁት፤ አንገቱን ግን አደራ፣ እንዳይሰበር! ከዚያ ሰው በማያይበት በጓሮ በኩል ስቀሉት!»

በዚያ ሰዓት በመንገዱ የሚያልፈው አብዮት ጠባቂ፣ ጠመንጃው ከቁመቱ የሚስተካከል ጎረምሳ፣ ባለበት ቀጥ አለ። በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባና፣ «ጓዲት፣ የሚሰቀለው ጓድ ማን ነው?» አላት።

«የእኔው ነው» አለች አክስቴ። «ትናንት ለቅሶ ውሎ ሲመለስ ተበላሽቶብኝ ነው።»

«ምን አድርጎ ተበላሸ?»

«ኧረ ልጄ፣ ብዙ ሰው ገባበት እኮ!»

«ስንት ሰው?»

«ሰፈሩን ሁሉ ጠይቅ፤ ያልገባበት ማን አለ?»

ጎረምሳው ከደረት ኪሱ ወረቀትና እርሳስ አወጣ። ዛሬ ስናወራው ያስቃል፤ የዚያን ዕለት ግን ቡና ትወቅጥ የነበረችው እናቴ ዘነዘናውን እንዳነሣች አየር ላይ ቀርታለች። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል ከቤታቸው ተጠርተው ያልተመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም የሁለቱ ቤት ከእኛ ቤት ብዙም አይርቅም። አክስቴ ግራ የገባት ስሟን «ጻፊ» ሲላት ነው፤ ያን ሳምንት የደረሰችው «ሀ ግእዝ» ላይ ስለነበረ፣ «ፊደሉን ገና አልጨረስሁትም» ብላ በሐፍረት ወደ ውስጥ ገባችና ካፖርቱን በሁለት እጇ ታቅፋ ወጣች። «ይኸውልህ፤ አንተው ውሰድና ስቀለው፤ እኔ ደክሞኛል።»

አብዮት ጠባቂው ካፖርቱን ገለበጠው። ገበሩ ላይ የተሰፋችውን የራሺያ ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከታት፤ ማንበብ ባይችልም ፊደሏን ከየት እንደሚያውቃት ገብቶታል፤ ከመቅጽበትም ባንዲራ እንደሚያጥፍ ሰው ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ አጣጥፎ መለሰላት። ምንም ሳይናገር ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ማታ፣ ጠመንጃውን የት እንዳስቀመጠው እንጃ፣ ባዶ እጁን በጓሮ በር መጣና መሬት መሬቱን እያየ፣ «እትዬ፣ ጓድ ለቅዳሜ ይገኛል?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌ ሊልክ ነው። ልጅቱን አገኛት፤ ካፖርቱንም በሰዓቱ መለሰ፤ ኪሱ ውስጥም አራት ከረሜላ አገኘን።

የኪሱን ነገር ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። በእኛ ዘንድ የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ወንፊት ይዞ የሄደ ጥቂት ሽሮ ጣል አድርጎበት፣ ሳሕን የወሰደም እሸት ወይም ሎሚ አኑሮበት ይመልሳል። ካፖርት ላይ ምን ይደረጋል? ኪስ ነዋ! ከለቅሶ ሲመለስ ንፍሮ፣ ከሠርግ ሲመለስ ከረሜላ፣ ከዘጌ ሲመለስ በወረቀት የተጠቀለለች እፍኝ ቡና ይገኝበታል። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሲመለስ የአውቶቡስ ትኬት ብቻ ስላገኘንበት፣ የሰፈሩ ልጆች ያን ተዋሽ እስከ ፋሲካ ድረስ «ባለ ትኬቱ» ስንለው ቆየን። ሰውዬው የሄደው የታመመ ወንድሙን ሊጠይቅ መሆኑንና ከመመለሻው በቀር ሳንቲም እንዳልተረፈው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ካፖርቱ ብቻውን አልነበረም። የሰፈራችን ንብረት አንድ ባለጸጋ በሃያ ጓዳ ያስቀመጠው ይመስል በየቤቱ ተከፋፍሎ ነበር። የከሰል ካውያ ያለው መምህሩ ቤት ብቻ ስለሆነ ቅዳሜ ማታ የሰፈሩ ሸሚዝ ሁሉ እዚያ ያድራል፤ ለድግስ የሚበቃው ብረት ድስት የጠላ ሻጯ ነው፤ መሰላሉ የአናጢው፣ ሬዲዮኑ የነርሱ፣ ሙቀጫው ደግሞ የእኛ። ዕቃ የቸገረው ሰው ዕቃው ዛሬ የት እንዳለ ካወቀ ገንዘብ አያስፈልገውም፤ ይህን መዝገብ ደግሞ አክስቴ ፊደል ሳትቆጥር በፊት ጀምሮ በቃሏ ይዛዋለች። ድስቱ ስንት ቀን እንደቆየ፣ መሰላሉ ስንተኛው ርከኑ እንደላላ፣ ካውያውን ማን አሙቆ ማን እንዳቃጠለበት ጠይቋት፤ ትነግራችኋለች።

መንግሥት በበኩሉ በዚያው ጊዜ የጋራ ኑሮን ሊያስተምረን ይደክም ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይበቃዋል አለ። አክስቴም የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆነች፤ ኪራዩ ለብዙ ዓመታት በጥቂት ብር ስለቆየ በዚህ በኩል አዋጁን አትወቅሰውም። ግን ከቤቱ ጋር ተያይዞ ስብሰባው መጣ፤ ውይይቱ፣ መፈክሩ፣ የኅብረት ሱቁ ሰልፍ መጣ። በስብሰባው ላይ «የግል ጥቅምን እናውግዝ» ሲባል እጅ ታወጣለች፤ ቤቷ ስትመለስ መሰላሉን ከአናጢው ተውሳ ጣራዋን ታስደፍናለች። ሁለቱ የሚገናኙ ነገሮች መሆናቸውን አንድም ቀን ጠርጥራ አታውቅም። እኔም ቆይቼ ሳስበው በሰፈራችን የሠመረው ሶሻሊዝም መንግሥት ያልሰማው ብቻ ነበር።

የኅብረት ሱቁን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። ስኳርና ሳሙና በካርድ፣ በቤተሰብ ብዛት ይታደላል። ሰልፉ ከሌሊት ስለሚጀምር ሰው በራሱ ፈንታ ድንጋይ ያሰልፋል፤ የእኛ ድንጋይ አንድ ጎኑ በኖራ የተቀባ ነበር፤ የጠላ ሻጯ ደግሞ የተሰነጠቀች ጋን አፍ ታሰልፍ ነበር። የሚያስገርመው ድንጋዩ መከበሩ ነው። ሰው ሰውን ገፍቶ ይቀድማል፤ ድንጋይን ገፍቶ የቀደመ ግን አላየሁም። ወረፋም ይዋሳል፤ ልጅም ሳይቀር ይዋሳል! ቆጣሪ ሲመጣ ልጅ የሚያንሰው ቤት ልጅ ከሚተርፈው ቤት በአጥር ሥር ያስገባል። እኔ በሦስት ቤት ተመዝግቤ፣ በሦስት የተለያየ ዕድሜ፣ በአንደኛው ቤትም በሴት ስም ስኳር ይታደልልኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ስኳር እኔ የላስሁት ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የምናፍቀው የዓሣውን ነገር ነው። የነገደ ወይጦ ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳቸው ከማለዳው ጭጋግ ውስጥ ሲወጡ ቀረሶና አምባዛ እየተገዛ በየቤቱ ይገባል። ዓሣ ደግሞ ለነገ የሚባል ነገር አያውቅም፤ በባሕር ዳር ሙቀት ጧት የተያዘ ዓሣ ማታ ሌላ ሽታ ያመጣል። ስለዚህ አምባዛ የተትረፈረፈለት ቤት እየቆራረጠ በቁና ለአምስት ቤት ይልካል፤ በሌላ ሳምንት ደግሞ ከአምስቱ የአንዱ ተራ ይሆናል። ቸርነት ነበር ብዬ አላሞግሰንም፤ ማቀዝቀዣ ስላልነበረን የጎረቤት ሆድ ማቀዝቀዣችን ሆኖ ነበር። እዚያ ያስቀመጥነው ደግሞ ሳይበላሽ፣ ያውም ተጠብሶ፣ ይመለስልናል።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰፈራችን አንደኛው ቤት ማቀዝቀዣ ገባ። ሁላችንም ሄደን አየነው፤ በሩን ሲከፍቱት ውስጡ መብራት መኖሩ አስደነቀን፤ አክስቴ እጇን አስገብታ «ውይ፣ ደጋ ነው!» አለች። በሳምንቱ ከዚያ ቤት ዓሣ መምጣት አቆመ። ማንም አልተቆጣም፤ ሰዎቹም ክፉ አልሆኑም፤ ዓሣው ነገ መድረስ በመቻሉ ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ ሁላችንም ገዛን፤ እያንዳንዳችንም በየማቀዝቀዣችን ውስጥ እንደ ድንጋይ የጠነከረ የየራሳችን አምባዛ አለን። የድሮው ነገር ለጥቂት ሰዓት የሚመለሰው መብራት ሲጠፋ ነው። ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጢስ ዓባይ በ1956 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀምሯል፤ ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ወዲህም ከራሱ ከጣና ውሃ የሚቀዳው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ቆሟል፤ እኛ ግን ሻማ ይዘን ስንቀመጥ ይህን ሁሉ ቁጥር በቃላችን እናጠናዋለን። መብራቱ ከአንድ ቀን ያለፈ እንደሆነ ሁሉም ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ያሸታል፤ ከዚያ ባለ ሁለት ፎቁም፣ ባለ አንድ ክፍሉም ሳሕን በሳሕን ላይ ደፍቶ ወደ ጎረቤቱ ይወጣል። ባለፈው ክረምት በአንዲት ማታ ከአራት ቤት አራት ዓይነት ዓሣ በላሁ፤ በማግሥቱ መብራት ሲመጣ ትንሽ ቅር አለኝ፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገርሁም።

አክስቴ ማቀዝቀዣ አልገዛችም፤ ልጆቿ ሊገዙላት ቢሉም እንቢ አለች። እንቢታዋ ከአገሯ የመጣ ይመስለኛል። ዘጌ ከጥንት ጀምሮ፣ ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን የተነሣ በሬ ተጠምዶ የማይታረስበት፣ ከብት የማይረባበት ምድር ነው፤ ሰዉ ከጫካው ሥር ቡናውን፣ ጌሾውን፣ ሎሚውን እየለቀመ በታንኳ ተሻግሮ በእህል ይለውጣል። አባቷ በሬ ሳይኖረው እንጀራ የበላ ሰው ነው። «ያጣነውን አንድ ባንድ ብንቆጥረው ኖሮ» ትላለች፣ «ቡናው ይፈላብን ነበር።» አረፍተ ነገሩን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥር የለውም፤ ሁልጊዜም የምትናገረው ጀበናውን ከእሳት ልታወርድ ስትል ነው።

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ ገበያ ተከፈተ። ሱቁ ሞላ። ከዚያ በፊት ብር ኖሮን የምንገዛው ዕቃ እናጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዕቃው በመስኮት ውስጥ እያየን ብሩን እናጣዋለን፤ በመካከሉ ግን፣ ለጥቂት ዓመታት፣ ሁለቱም የተገናኙ መስሎን ተሯሩጠን ገዛን። ዶላር ለዘመናት ከኖረበት ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም በ1985 ዓ.ም. ወደ 5 ብር ተሻገረ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በገበያ ይወሰን ሲባል ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል የእኔ ቤት ሦስት ኮት፣ ሁለት ካውያ፣ አንድ መፍጫ፣ የማይፈጭ ሌላ መፍጫና በሩ የማይገጥም ቁም ሣጥን አፈራ። ስኳርና ዘይት ግን ዛሬም በሸማቾች ማኅበር በር ላይ በሰልፍ ይታደላል፤ ድንጋዩ ቀርቶ ሰልፉ የሚያዘው በቢጫ ጀሪካን ሆኗል። ጀሪካን ነፋስ ይወስደዋል፤ በዚህ ምክንያት ስንት ጠብ እንደተነሣ አይቻለሁ። ድንጋይ ይሻላል።

እኔ ዛሬ የምኖረው ከዓባይ ማዶ፣ በማኅበር በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። በመንገዳችን ስድስት ቤቶች አሉ፤ ሁሉም አጥር፣ ሁሉም የብረት በር፣ አራቱም ዘበኛ አላቸው። ቤቱ በገባሁበት ሰሞን አንድ ሥዕል ለመስቀል መዶሻ አጣሁና በአሳደገኝ ልማድ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። «ማን ልበል?» አለ ከውስጥ የዘበኛ ድምፅ። «ጎረቤት ነኝ፤ መዶሻ ልዋስ ብዬ ነው» አልሁ። ድምፁ ርቆ ሄደ፤ ከብዙ ቆይታ በኋላ ተመልሶ በሐዘን፣ «ጌታዬ፣ ‹አይገዛም ወይ?› እያሉ ነው» አለኝ። በዚያው ቀን ገዛሁ። ሥዕሉን ለመስቀል ሁለት ምስማር መታሁበት፤ ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ተኝቷል። እንደምገምተው በስድስቱ ቤት ስድስት መዶሻ ተኝቷል፤ ስድስቱም የተገዙት ስድስት ሥዕል ለመስቀል ነው።

ጎረቤቴን የምወቅስበት አፍ ግን የለኝም፤ ከእርሱ የባሰ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ የሩቅ ዘመድ ለቅሶ ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ፣ ሦስት ኮት እያለኝ፣ እንዲያው ለትዝታው ብዬ ጓድን ከአክስቴ ተዋስሁት። ስመለስ አልመለስሁትም። ክፋት አስቤ አልነበረም፤ ቁም ሣጥን ስለነበረኝ ነው። በድሮ ቤታችን ካፖርቱ በሚስማር ላይ ሲንጠለጠል ዐይን ውስጥ ስለሚገባ «መልሰኝ» ይላል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ የገባ ዕቃ ግን አፍ የለውም። አክስቴም አልጠየቀችኝም። የሚጠይቃት ሰው ቀርቶ ነበር፤ ሁሉም የየራሱ ኮት አለው።

ባለቤቴ ባለፈው ኅዳር ቤቱን ስታጸዳ ያን አሮጌ ካፖርት አገኘች። እርሷ የወሎ ልጅ ናት፤ ታሪኩን አታውቅም፤ አልነገርኋትም። በዚያው ጧት «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ልጅ በበሩ አለፈ። ከሥራ ስመለስ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋዎች፣ አንደኛው በአንደኛው ውስጥ ገብቶ፣ ተቀምጠዋል። «ተከራክሬ ነው ሁለት ያስደረግሁት» አለች በኩራት። ከሞስኮ የመጣው፣ አብዮት ጠባቂ ያስደነገጠው፣ ግማሽ ሰፈር የዳረው ጓድ በሁለት ሳፋ ተለወጠ። አንዱ ሳፋ ደግሞ ያፈስሳል።

ልጁን ፍለጋ ባጃጅ ይዤ ሁለት ቀን ዞርሁ። በመጨረሻ ሰልባጅ ተራ አገኘሁት፤ ካፖርቱን በዚያው ማታ ሸጦታል፤ የገዛው ማን እንደሆነ ግን ያስታውሳል፤ «በእርስዎ መንገድ ላይ ያሉ ዘበኛ ናቸው» አለኝ። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ወጣሁ። የሐይቁ ነፋስ የታኅሣሥን ብርድ ይዞ በዓባይ ላይ ይመጣል። መዶሻ በከለከለኝ ቤት በር ላይ አንድ ሰው በብርጭቆ ሻይ እጁን እያሞቀ ተቀምጧል፤ ኮሌታውን እስከ ጆሮው አንሥቶታል፤ ኮሌታው አልተሰበረም።

ታሪኩን ሁሉ ነገርሁት። እጥፍ እከፍላለሁ አልሁ። ዘበኛው በጥሞና ከሰማኝ በኋላ ከካፖርቱ ኪስ ቆሎ ዘግኖ ሰጠኝና፣ «ጌታዬ፣ እርሱን እንኳ አልሸጥልዎትም፤ ሌሊቱ ክፉ ነው» አለኝ። ትንሽ አሰብ አድርጎ ደግሞ ጨመረ። «ግን ለቅሶ ምናምን ሲገጥምዎት ይንገሩኝና ይዋሱኝ። ቀን ቀን እኔ አልፈልገውም።»

በማግሥቱ ድልድዩን፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትሩን አዲሱን ድልድያችንን፣ በእግሬ ተሻግሬ ወደ አክስቴ ቤት ሄድሁ። የማወራረድበትን ቃል ሳሰላስል መንገዱ አጠረብኝ። ዛሬ ዐይኗ ደክሟል፤ ጀበናዋን ግን አሁንም ራሷ ታወርዳለች። ሁሉንም ሰማችኝ፤ ሳፋውን ስጠቅስ ብቻ ፊቷን አዞረች።

«ዘበኛ ነው ያልኸው?»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«ሌሊት ሌሊት ይለብሰዋል?»

«ይለብሰዋል።»

«ይበርደዋል?»

«ይበርደዋል።»

ስኒውን ቀድታ ሰጠችኝ። «እኛ እኮ አርባ ዓመት ሙሉ ሳይበርደን ነው የለበስነው» አለችና ከልቧ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ዞሮ እስኪበቃው ጠበቅሁ። ከዚያ ከአልጋዋ ሥር የዱቄት ወተት ጣሳ አስወጣችኝ፤ ውስጡ የከሰል ካውያ እጀታ፣ ቁልቁል የተጣመመ ምስማር፣ የአንድ ራሽን ካርድ ቁራጭ፣ የተቋጠረ ክርና አንድ ትልቅ ግራጫ ቁልፍ አለ። ሦስተኛው የካፖርቱ ቁልፍ ነው፤ በ1978 ዓ.ም. በአንድ ሠርግ ላይ ተበጥሶ ወድቆ፣ አንስታ ያስቀመጠችው፤ ያንን ቁልፍ ሳይተክሉ ካፖርቱ ወደ ሌላ ቤት አልፎ ስለሄደ፣ ተመልሶ ሲመጣ እሰፋዋለሁ እያለች ሳይሆንላት ቆየ። «ነፋሱ የሚገባው በዚያ ነው» አለችኝና ቁልፉንና ክሩን በእጄ ውስጥ አስጨበጠችኝ። ባዶ እጄን እንዳልሄድ ደግሞ እፍኝ የዘጌ ቡና በወረቀት ጠቀለለችልኝ፤ ለእኔ ሳይሆን ለካፖርቱ ኪስ መሆኑን ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ።

ማታ የጎረቤቴን የብረት በር አንኳኳሁ።

«ማን ልበል?» አለ ድምፁ።

«ቁልፍ አምጥቼ ነው» አልሁ።

በሩ ተከፈተ።